ስፔሻሊቲ ያልገባው የጥርስ ሐኪም

የስፔሻሊቲ መግቢያ ፈተና ሲቃረብ የጥርስ ሐኪሞች የቴሌግራም ቡድኖች ይሟሟቃሉ። ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎች በፎቶ ይላካሉ። ለህንድ ተፈታኞች የተዘጋጁ ወፋፍራም የጥያቄና መልስ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ይዞራሉ። አንዱ "መልሱ ሲ ነው" ይላል፤ ሌላው "የለም፣ ባለፈው ዲ ነው የተባለው" ብሎ ይሟገታል። ለምን ሲ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። ከዚያ ፈተናው ያልፋል። ጥቂቶች ይገባሉ፣ ብዙዎች ወደ ነበሩበት ሥራ ይመለሳሉ። በማግስቱ የሚወራው ስለ ገቡት ነው፤ ማን የት ደረሰው፣ ማን ስንት አመጣ። የተመለሱትን የሚያነሣ የለም።

መነሣት ያለባቸው ግን እነርሱ ናቸው። ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው አብዛኛው ሕዝብ ጥርሱን ሲያመው የሚያገኘው፣ ካገኘ፣ እነርሱን ነው።

ደቡብ ወሎን ማየት ይበቃል። ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተሁለደሬ ወረዳን ዋና ከተማ ሐይቅን ያገኛል። አለፍ ብሎ ደግሞ የአምባሰሏን ውጫሌን፣ በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ስሟ የተጠራውን ከተማ። አምባሰል ሲባል ለብዙ ሰው ቀድሞ የሚመጣው ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ነው። ከቅኝቱ ባሻገር ያለው አምባሰል ግን ገደልና ተራራ ነው፤ ዋናው መንገድ ላይ ለመድረስ ብቻ ረጅም የእግር ጉዞ የሚጠይቁ ቀበሌዎች አሉት። እዚያ ጥርሱን ያመመው ሰው መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክስበታል። ሳይሻለው ሲቀር ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ይገዛል፣ ሁለት ቀን ውጦ ሲሻለው ያቆመዋል። ሐኪም ፊት የሚቀርበው ጉንጩ ካበጠ በኋላ ነው።

ያንን ጉንጭ የሚያየው ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣ ዓመታት አልፈውታል። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው ጥርስ መንቀል ነው። አናቶሚን፣ ፊዚዮሎጂን፣ ፓቶሎጂን፣ ማይክሮባዮሎጂን፣ ፋርማኮሎጂን ከሥር ጀምሮ እንደገና ለመክፈት ያለው ምክንያት አንድ ነው፤ የመግቢያ ፈተናው። ስለዚህ ፈተናው ምን እንደሚጠይቅና እንዴት እንደሚጠይቅ የሚወስነው ማን ስፔሻሊስት እንደሚሆን ብቻ አይደለም። ያልተሳካለት ሐኪም ምን ይዞ ወደ ሐይቅ እንደሚመለስም ይወስናል።

አንድ ጥያቄ ይወሰድ። በየትኛውም አገር የጥርስ ሕክምና ፈተና ላይ የማይጠፋ ነው፦ የታችኛው ሦስተኛ መንጋጋ ጥርስ ኢንፌክሽን በውስጥ በኩል አጥንቱን ሰብሮ ሲወጣ ወደ የትኛው ክፍተት ይገባል? መልሱ ሰብማንዲቡላር ነው። የሸመደደ ሰው በአምስት ሰከንድ መልሶ ያልፈዋል።

ምክንያቱ ግን አንድ ጡንቻ ነው። ከምላስ በታች፣ የአፍን ወለል እንደ ተወጠረ ጨርቅ የሚይዝ ማይሎሃዮይድ የሚባል ጡንቻ አለ። በታችኛው መንጋጋ አጥንት የውስጥ ገጽ ላይ የሚጣበቅበት መስመር ከፊት ዝቅ ብሎ ይጀምርና ወደ ኋላ ከፍ እያለ ይሄዳል። በዚህ የተነሣ የፊተኞቹ ጥርሶች ሥር ከመስመሩ በላይ ይቀራል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው መንጋጋ ጥርስ የሥር ጫፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከመስመሩ በታች ይወርዳል። ከፊተኞቹ የሚወጣ መግል ከጡንቻው በላይ፣ ከምላስ ሥር ይጠራቀማል። ከኋለኞቹ የሚወጣው ከጡንቻው በታች፣ በአገጭና በአንገት መካከል ይሆናል። ሁለቱ ክፍተቶች ደግሞ በጡንቻው የኋላ ጠርዝ ዞረው ይገናኛሉ። በግራም በቀኝም ሁለቱም ሲያብጡ ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፣ የአየር መንገዱ ይጠባል። ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ በ1836 እ.ኤ.አ. ገልጾት በስሙ ቀርቷል፤ የሉድቪግ አንጃይና ይባላል። አንቲባዮቲክ ከመምጣቱ በፊት ከያዛቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ ይገድል ነበር። ዛሬም ሰው የሚሞተው በመግሉ ሳይሆን በመታፈኑ ነው።

አሁን ከአምባሰል ደጋ የወረደ ገበሬ ሐኪሙ ፊት ይቀመጥ። የኋላ ጥርሱን ካመመው ሳምንት ሆኖታል፣ ከአገጩ በታች አብጧል። "ሰብማንዲቡላር" የሚለውን ቃል ብቻ የያዘ ሐኪም እብጠት ያያል፤ አሞክሳሲሊን ጽፎ "ከሦስት ቀን በኋላ ተመለስ" ሊለው ይችላል። ጡንቻውን የሚያስታውስ ሐኪም ግን እጁን ይሰዳል። እብጠቱ በሁለቱም ጎን ነው? እንደ እንጨት ጠጥሯል? ምላሱ ከፍ ብሏል? ምራቁን መዋጥ አቅቶት ይዝረበረባል? ድምፁ ታፍኗል? በጀርባው መተኛት ይችላል? ከነዚህ ሁለቱን ሦስቱን ካገኘ ሦስት ቀን እንደሌለ ያውቃል። መድኃኒቱን በደም ሥር ይጀምራል፣ ደሴ ይደውላል፣ የአየር መንገድ ማስከፈት የሚችል ሐኪም እንዲጠብቅ ያደርጋል። ታማሚው ሲላክም በአምቡላንሱ አልጋ ላይ በጀርባው እንዲጋደም አይፈቅድም፤ ተቀምጦ ነው የሚሄደው። ይህን ሁሉ የሚያዘው ያ አንድ መስመር ነው፤ ከፊት ዝቅ፣ ከኋላ ከፍ የሚለው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከሕፃናት ድድ ነው። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል በአማራ ክልል ገጠር ለረጅም ጊዜ የኖሩ ጎጂ ልማዶች ናቸው። ገና ዓመት ያልሞላው ልጅ ያስቀምጠዋል፣ ያተኩሰዋል፣ ጡት እምቢ ይላል። አያት አፉን ከፍታ ድዱን ትዳስሳለች፣ በክራንቻው ቦታ ነጣ ያለ ጉብታ ታገኛለች። "ትል ያለበት ጥርስ ነው" ይባላል፤ የሰፈሩ አዋቂ ተጠርቶ በስለት ወይም በሽቦ ፈልቅቆ ያወጣዋል። የሚወጣው ገና ያልጠነከረ፣ ለስላሳ ነገር ስለሆነ በእርግጥም ትል ይመስላል።

ይህን ልማድ "ኋላ ቀር" ብሎ መሳደብ ቀላል ነው፤ የሚያስቀረው ግን ማስረዳት የቻለ ሰው ነው። ለማስረዳት ደግሞ ያ ተፈታኞች የሚያማርሩበት የጥርስ አበቃቀል ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። የወተት ክራንቻ የሚበቅለው ከ16ኛው ወር በኋላ ነው። በሰባትና በስምንት ወር ከድዱ ሥር የሚዳሰሰው ጉብታ እየተሠራ ያለ ጤነኛ ጥርስ ነው። ቋሚው ክራንቻ ደግሞ በአራትና በአምስት ወሩ መጠንከር ይጀምራል፤ ስለዚህ የወተቱን የሚፈለቅቀው ሽቦ አንዳንዴ አሥር ዓመት ቆይቶ የሚበቅለውንም ይነካል። ተቅማጡስ? ልጁ ከስድስት ወር ጀምሮ ምግብ ይጀምራል፣ ይድሃል፣ መሬት የነካ እጁን አፉ ይከታል፣ ከእናቱ ማኅፀን የወረሰው የመከላከል አቅምም በዚያው ጊዜ ይሟጠጣል። ጥርሱና ተቅማጡ የተገናኙት በጊዜ ነው። ይህን ለአያትየዋ በትሕትና፣ "እማማ፣ ይቺ ጥርስ ናት፣ ትል አይደለችም፤ ለተቅማጡ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ ነው" ብሎ፣ ወራቱን በጣቱ እየቆጠረ የሚያስረዳ ሐኪም ከአንድ ወር ዘመቻ የበለጠ ይሠራል። ያንን ሠንጠረዥ ለፈተና ብሎ የሸመደደውና ምን እንደሚያደርግለት ያልተነገረው ሐኪም ግን ከፈተናው በኋላ በሳምንቱ ይረሳዋል።

ሽምደዳ በራሱ ነውር የለበትም። ወሎ ይህን ጉዳይ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የትምህርት ቤት ነው፤ በአብነት ትምህርት ንባብ ያጠናና ትርጓሜ የተማረ አንድ ተብለው አይቆጠሩም። በወሎ ሼሆች ዘንድም ቁርኣን ያከተመ ደረሳ ተፍሲር ከቀራው እኩል አይቀመጥም። ንባቡ ይቀድማል፣ ያለ እርሱ ትርጓሜ የለም። የመግቢያ ፈተና ዝግጅት ችግሩ ንባቡ ላይ ጀምሮ ንባቡ ላይ ማብቃቱ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ሦስተኛው ነው፤ መልሱ ራሱ ከአገር አገር ይለያያልና። በኢትዮጵያ ብዙ ወጣቶች በልጅነት ከያዛቸው የጉሮሮ ሕመም የተነሣ የልብ ቫልቫቸው ተጎድቷል፤ ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። ጥርስ ሲነቀል ባክቴሪያ ወደ ደም ይገባል፣ ከተጎዳ ቫልቭ ላይ ሊጣበቅ ይችላል። ታዲያ ከመንቀል በፊት 2 ግራም አሞክሳሲሊን ይሰጥ ወይስ አይሰጥ? የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. ዝርዝሩን አጥብቦ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ላላቸው፣ ከዚህ በፊት የልብ ሽፋን ኢንፌክሽን ለያዛቸውና ለጥቂት ሌሎች ብቻ አድርጎታል፤ ሩማቲክ ብቻውን ከዝርዝሩ ወጥቷል። በሽታው በነባር ሕዝቦቿ ዘንድ የበዛባት አውስትራሊያ ግን በራሷ መመሪያ ሩማቲክ ያለባቸው እንዲሰጣቸው ትመክራለች። ከአሜሪካ መጽሐፍ የተቀዳ የመልስ ቁልፍ "አያስፈልግም" ይላል፣ የአውስትራሊያው "ያስፈልጋል"። ሐይቅ ያለው ሐኪም ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ወጣት ከየትኛው አገር ታማሚ ጋር እንደምትመሳሰል ማሰብ አለበት። በየወሩ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የምትወጋ ከሆነ ደግሞ በአፏ ያሉት ባክቴሪያዎች ፔኒሲሊንን ሊለምዱ ስለሚችሉ ከሌላ የመድኃኒት ቤተሰብ መምረጥ ሊያስፈልግ ነው። ይህ የፋርማኮሎጂ፣ የማይክሮባዮሎጂና የካርዲዮሎጂ ጥያቄ በአንድ ወንበር ላይ ነው። በ"ሲ" ወይም በ"ዲ" አይዘጋም።

ስለ ሂሳቡም አንድ ነገር። አንድ ካርትሪጅ ባለ 2 በመቶ ሊዶካይን 36 ሚሊግራም ይይዛል። በብዙ መጻሕፍት ጥንቃቄ የተሞላበት ጣሪያ ለአንድ ኪሎ 4.4 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 88 ሚሊግራም ማለት ነው፤ ሁለት ካርትሪጅ ይገባል፣ ሦስተኛው ያልፋል። በፈተና ላይ አንድ ነጥብ ነው፤ በአራቱም ማዕዘን የበሰበሰ ጥርስ ይዞ ከሩቅ የመጣና "ተመልሰን መምጣት አንችልም፣ ሁሉንም ዛሬ" የሚል አባት ያለው ልጅ ላይ ግን ሌላ ነገር ነው።

የአሜሪካ መጻሕፍት ስለ ውኃ ፍሎራይድ ሲጽፉ ጭንቀታቸው እንዳያንስ ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ወንጂና ዝዋይ አካባቢ፣ ችግሩ መብዛቱ ነው፤ ጥርስ ያዥጎረጉራል፣ ሲከፋ አጥንት ያጎብጣል። ኖማም እንዲሁ። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ፊት የሚበላው ይህ በሽታ በአውሮፓ መጻሕፍት ውስጥ ከታሪክ ማስታወሻ አያልፍም፤ የዓለም ጤና ድርጅት ግን በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ሳይታከም ከቀረ እስከ 90 በመቶ ይገድላል። የሚጀምረው ግን በድድ ቁስል ነው፤ በዚያ ደረጃ በርካሽ አንቲባዮቲክ፣ በአፍ እጥበትና በምግብ ይቆማል። ያለፈበት ሰው ከዓመታት በኋላ ፊቱን ተከናንቦ፣ እንደ ፕሮጀክት ሐረር ባሉ ድርጅቶች እርዳታ አዲስ አበባ ለቀዶ ሕክምና ይመጣል። ቁስሉን በመጀመሪያው ሳምንት ሊያየው የሚችለው የወረዳው ሰው ነው።

ጥያቄ በታማሚ ዙሪያ ማዋቀር አዲስ ሐሳብ አይደለም። አሜሪካ መሠረታዊ ሳይንስን ለብቻው ትፈትንበት የነበረውን የጥርስ ሐኪሞች ብሔራዊ ፈተና ዘግታ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሳይንሱንና ክሊኒኩን በአንድ ላይ የሚጠይቅ፣ 500 ጥያቄዎች ያሉት የተዋሐደ ፈተና ተክታለች። ህንድ 240 ጥያቄዎች ያሉትን የመግቢያ ፈተናዋን አሁንም በትምህርት ዓይነት እየከፋፈለች ትሰጣለች፤ የዝግጅት መጻሕፍቱም ያንኑ ይመስላሉ። የኢትዮጵያ ተፈታኝ እነዚያኑ መጻሕፍት ሲያነብ ከርሞ ለህንድ ፈተና የተቀረጸ ጭንቅላት ይዞ ወደ አምባሰል ቢመለስ አይፈረድበትም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው ፈተና መምረጫ እንጂ ማስተማሪያ አይደለም የሚለው ነው። እውነት አለበት፤ ጥቂት ወንበር ለብዙ አመልካች ለማከፋፈል ነጥብ መለየት ግድ ነው፣ በታማሚ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ጥያቄ ማውጣትም ጊዜና ሰው ይፈልጋል። ግን ወንበሩ ጥቂት በሆነ ቁጥር ፈተናው የብዙኃኑ መምህር መሆኑ አይቀርም። ተፈታኙ የሚያነበው ይጠየቃል ብሎ የሚጠብቀውን ነው። "የማይሎሃዮይድ ነርቭ ከየት ይመነጫል" ተብሎ ሲጠየቅ ያንን ያነባል፤ "በሁለቱም ጎን አብጦ፣ ምራቁን መዋጥ ያቃተው የ40 ዓመት ሰው መጣ፣ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ" ተብሎ ሲጠየቅ ደግሞ ነርቩንም ጡንቻውንም አንብቦ ስለ ሰውየው ያስባል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በቡድን ሾልኮ ቢወጣ እንኳ ጉዳቱ ያንሳል፤ ቢሸመደድም ሰውየው ይድናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወሎ ሰው የሚመጣ ነው፦ "ካለፈ ጥሎን ይሄዳል፤ እኛ ምን ተጠቀምን?" የሚሄድ ይኖራል። የመንጋጋና የፊት ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ዋናው ቦታ አዲስ አበባ ነው፤ ሠልጥኖ ሐይቅ የሚመለስ ስፔሻሊስት መጠበቅም ለጊዜው ሕልም ነው፤ ደሴ ከመጣ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። የተሁለደሬና የአምባሰል ጥቅም ያለው ያልሄደው ሐኪም ላይ ነው። እሱ በዚያ ዓመት ስድስት ወር ሌሊት ሌሊት አንብቧል። ያነበበው ለሥራው የሚሆን ከነበረ፣ ባይገባም ወረዳው የተሻለ ሐኪም አግኝቷል። ያነበበው የፊደል ምርጫ ብቻ ከነበረ ግን ስድስቱ ወር ለሐኪሙም ለወረዳውም የባከነ ነው፤ ሐኪሙ ላይ ደግሞ ቁጭት ይጨመርበታል።

የንባቡ ዕድል ራሱ እኩል አይደለም። አዲስ አበባ ያለ ተፈታኝ ከሬዚደንቶች ጋር ቁጭ ብሎ ይጠይቃል። ሐይቅ ያለው ያለው ስልኩ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና አካባቢዋን ባጥለቀለቀ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ያንን ለመተካት ገና ሲደከም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። ፒዲኤፍ የሚዞርበት ቡድን በሙሉ ለእነርሱ ዝም አለ። ውጤቱ ሲወጣ ግን ነጥቡ የተነጻጸረው ኢንተርኔት ካልጠፋበት ጋር ነው። ይህን "ውድድር ነው" ብሎ ማለፍ ለጤና ሚኒስቴርም ለክልሉ ጤና ቢሮም አያምርም።

መደረግ የሚችለው ያን ያህል ውድ አይደለም። የጤና ባለሙያ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና መውሰድ ግዴታው ነው፤ በተግባር ይህ ብዙ ጊዜ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ስላይድ ማየት ይሆናል። ለመግቢያ ፈተና የሚደረገው የመሠረታዊ ሳይንስ ክለሳ በሥርዓት ተዘጋጅቶ፣ በወረቀት ታትሞ፣ እንደ ሥልጠና ሰዓት ቢቆጠር ተፈታኙም ያልተፈተነውም ያነበው ነበር። ሉድቪግ፣ የወተት ጥርስ፣ ሩማቲክ፣ ኖማ፣ የማደንዘዣ ልክ፤ አምስቱ ብቻ በሚገባ ቢዘጋጁ ከ3000 ጥያቄ መጽሐፍ ይበልጣሉ።

ሌላው የሪፈር ወረቀት ነው። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ ወደ ደሴ የተላከ ታማሚ ምን እንደሆነ ለላከው ሐኪም የሚነግረው መልስ ብዙ ጊዜ አይመለስም። ያ ያበጠ ገበሬ ደሴ ደርሶ አንገቱ ተከፍቶ መግሉ ወጣ? የአየር መንገድ ተሠራለት? መግሉ ከየትኛው ጥርስ ነበር? ደሴ ያለው ሐኪም በሁለት መስመር ጽፎ በዚያው ታማሚ እጅ ቢልከው፣ ወይም ደውሎ ቢነግረው፣ የላከው ሐኪም የዚያን ቀን ማታ አናቶሚውን ራሱ ይከፍተዋል፤ ፈተና ቀረበም አልቀረበም።